የካምፒንግ ተሳቢ ባትሪ በሦስተኛው ሌሊት ይደክማል፤ ከቻርጀሩ፣ ከገመዱና ከሶላሩ የቱ ይቀየር?

ጣና_ዳር

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። መነሻው ባሕር ዳር የሆነ የካምፒንግ ተሳቢ አለ፤ የሚጎትተው ባለናፍጣ ላንድክሩዘር ነው። ወደ ጎርጎራና ቁንዝላ ይሄዳል፤ በበጋ ደግሞ ወፍ ለማየት የሚመጡ እንግዶችን ይዞ ፎገራ ሜዳ ላይ ይሰፍራል። አንድ ቦታ 3 ወይም 4 ሌሊት ይቆማል፤ አብዛኛው ቦታ መብራት የለም።

ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ ሁለት ባለ 100 አምፔር ሰዓት ጄል ባትሪ (አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋበት የታሸገ የእርሳስ ባትሪ) በፓራለል (ጎን ለጎን፣ ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ ታስረው)፣ ከተሳቢው ጋር የመጣ አሮጌ ቻርጀር (13.6 ቮልት ብቻ የሚሰጥ)፣ ጣሪያው ላይ አንድ 150 ዋት ፓኔል ከፒደብሊውኤም ኮንትሮለር (የፀሐይ ኃይሉን ወደ ባትሪ የሚያስገባ ቀላል መቆጣጠሪያ) ጋር። ከመኪናው ደግሞ በባለ 7 እግሩ የተሳቢ ሶኬት በኩል 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ገመድ ወደ ባትሪው ይመጣል፤ ከመኪናው ባትሪ እስከ ተሳቢው ባትሪ 9 ሜትር ነው።

የሚጠቀመው፦ የ12 ቮልት ፍሪጅ (50 ዋት)፣ 4 ባለ 5 ዋት አምፖል፣ የውሃ ፓምፕ፣ የስልክ፣ የላፕቶፕና የካሜራ ቻርጅ። በሦስተኛው ሌሊት ንጋት ላይ ፍሪጁ ይጮህና ይጠፋል። ባትሪዎቹ በ3 ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ተቀያሪ ናቸው። የታሰበው 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየምና 60 አምፔር ቻርጀር መግዛት ነው። ትክክል ነው ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

ባለ_ቴስተር

ሰላም ወንድሜ። ከኪስህ በፊት ቴስተርህን አውጣ። ያሰብከው ሊቲየምም ሆነ ትልቁ ቻርጀር ዋናውን ችግር ሳይነካው ሊያልፍ ይችላል። ከጻፍከው እንደሚታየው ባትሪዎችህን የገደላቸው ሥራ አይደለም፤ አንድም ቀን ሞልተው አያውቁም።

ሒሳቡን እናስቀምጥ። ፍሪጁ ከቀኑ 40 በመቶውን ያህል ቢሠራ በ24 ሰዓት 480 ዋት ሰዓት ነው፤ ይህ 40 አምፔር ሰዓት ይሆናል። አምፖሎቹ 5 ሰዓት ቢበሩ 8፣ ፓምፑ 2፣ ስልክና ላፕቶፑ 12 ብንል ድምሩ በቀን 62 አምፔር ሰዓት ነው። የሚገባው ስንት ነው? 150 ዋት ፓኔል በፒደብሊውኤም ቢበዛ 8.3 አምፔር ይሰጣል። 5 ሰዓት ጥሩ ፀሐይ ብታገኝ 41 ነው፤ አቧራውን፣ ሙቀቱንና የባትሪውን ብክነት ስትቀንስ 35 ቀረህ። በየቀኑ 27 ይጎድልሃል ማለት ነው፤ በሦስት ቀን 80። ጤነኛና ሙሉ 200 አምፔር ሰዓት ይህን ይችላል። ያንተ ግን ከባሕር ዳር ሲነሳም ሙሉ ስላልሆነ አይችልም።

ሙሉ ያልሆነበት ምክንያት 13.6 ቮልቱ ነው። ይህ ቮልቴጅ የሞላ ባትሪን ለመጠበቅ እንጂ የጎደለን ለመሙላት አልተሠራም። የእርሳስ ባትሪ (ጄልም ኤጂኤምም ያው እርሳስ ነው) መጀመሪያ ያለገደብ እየተቀበለ እስከ 80 በመቶ ገደማ ይሄዳል፤ የመጨረሻዋን 20 በመቶ የሚጨርሰው ግን 14.2 ወይም 14.4 ቮልት ላይ ለብዙ ሰዓት ሲያዝ ብቻ ነው። በ13.6 ሌሊት ሙሉ ቢሰካም አይጨርስም፤ ቀናት ይፈልጋል። ያ ያልተሞላው ክፍል ሳህኑ ላይ የእርሳስ ሰልፌት ሆኖ ይቀራል፤ ሳምንታት ሲያድር ይጠነክርና ኋላ በምንም ቻርጀር አይመለስም። በ100 የገዛኸው ባትሪ 60 የሚሆነው እንዲህ ነው።

አሁን አራት ልኬት ውሰድና እዚህ ጻፍልን። አንደኛ፣ ማገናኛውን ፈትተህ ሁለቱን ባትሪ ለየብቻ 6 ሰዓት ያህል ያለ ምንም ጭነት አሳርፋቸውና ቮልታቸውን ለካ። ሁለተኛ፣ ሞተሩን አስነስተህ ትንሽ ጋዝ ሰጥተህ (1,500 ዙር ገደማ) በመኪናው ባትሪ ራስ ላይ፣ ከዚያ በተሳቢው ባትሪ ራስ ላይ ለካ፤ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን ከውጭ አቅፎ አምፔር የሚለካ) ካለ አምፔሩንም። ክላምፑ ዲሲ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ) የሚለካ መሆኑን አረጋግጥ፤ ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ኤሲ (የቤቱን መብራት) ብቻ ነው የሚያነበው። ሦስተኛ፣ መብራት ላይ አሳድረህ ጠዋት ለካ። አራተኛ፣ የፍሪጁ ኮምፕረሰር እየሠራ በባትሪው ላይና በፍሪጁ ሶኬት ላይ ለካ። የኋለኛውን ማንም አይለካውም፤ ብዙ ጊዜ ሌባው ግን እሱ ነው።

ጣና_ዳር

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልኬቱ ይኸው፦

ያረፉ ባትሪዎች፦ አንዱ 12.5፣ ሌላው 12.1። ሞተር ሲሠራ፦ መኪናው ላይ 14.1፣ ተሳቢው ላይ 12.9፣ የሚገባው 8 አምፔር። ከመብራት ሌሊቱን አድሮ፦ 13.6። ፍሪጁ ሲሠራ፦ ባትሪው ላይ 12.3፣ ሶኬቱ ላይ 11.7። ከባትሪ ወደ ፍሪጁ የሄደው ባለ 1.5 ገመድ ነው፤ በግድግዳው ዞሮ 6 ሜትር ይሆናል።

ባለ_ቴስተር

ይህ ልኬት ሁሉንም ተናግሯል።

ከትንሹ ልጀምር። በፍሪጁ መንገድ ላይ 0.6 ቮልት ይጠፋል። ፍሪጁ የሚያየው 11.7 ነው፤ ባትሪው ገና ኃይል እያለው ፍሪጁ «ባትሪ አለቀ» ብሎ ራሱን ያጠፋል። ባለ 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ፣ መሄጃና መመለሻው 12 ሜትር፣ ተቃውሞው 0.14 ኦም ነው፤ በ4.5 አምፔር 0.6 ቮልት ይወጣል፤ ከልኬትህ ጋር ገጠመ። ባለ 6 ገመድ ሳብለት፤ ኪሳራው ወደ 0.16 ይወርዳል። ፖዘቲቩ ላይ ባትሪው አጠገብ 15 አምፔር ፊውዝ አድርግ። የሲጋራ መለኮሻ ሶኬቱንም ጣለው፤ በኮረኮንች መንገድ እየተንቀጠቀጠ ይላላል፣ ይሞቃል። በዊንጭ የሚጠብቅ ወይም ተጣምሞ የሚቆለፍ ሶኬት ይሁን። ከሁሉም ርካሹ ጥገና ይህ ነው፤ ዛሬውኑ ይሠራ።

ባትሪዎቹ፦ 12.1 ያለው ተጎድቷል። አንዱን ብቻ አትቀይር፤ አሮጌው አዲሱን እያወረደ ይገድለዋል። ሁለቱም አንድ ላይ ይወጣሉ። አዲሶቹን በፓራለል ስታስር ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሁለተኛው አውጣ፤ በሰያፍ ማለቴ ነው። ሁለቱንም ከአንዱ ባትሪ ካወጣህ ቅርቡ ብዙ ይሠራል፤ ሩቁ ሳይሞላ ይቀራል። የ12.5 እና የ12.1 ልዩነት በከፊል ከዚህም ሊመጣ ይችላል፤ አሁን እንዴት እንደታሰረ እየው።

ከመኪናው የሚመጣው፦ 14.1 ወጥቶ 12.9 ደረሰ። ባለ 2.5 ገመድ ደርሶ መልስ 18 ሜትር 0.126 ኦም ነው፤ በ8 አምፔር 1 ቮልት፣ የቀረው በሶኬቱ እግሮች ላይ የጠፋ ነው። ገመዱን ማወፈር ብቻ ይበቃል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ገመዱ ወፍሮም ባትሪው የሚያገኘው ዲናሞው የሚሰጠውን 14.1 ነው፤ ያውም ሞተሩ ሲሞቅ ይወርዳል። ትክክለኛው ዕቃ ዲሲ-ዲሲ ቻርጀር ነው። ከ11 እስከ 15 ቮልት የደረሰውን ተቀብሎ ለባትሪህ የሚስማማውን ደረጃ በደረጃ ይሰጣል፤ የመንገድ ኪሳራውንም ይሸፍናል።

ላንተ 30 አምፔር በቂ ነው። ጄል ባትሪ ከመጠኑ 20 በመቶ በላይ እንዳይሞላ ይመከራል፤ ለ200 አምፔር ሰዓት ከ40 በታች መሆኑ ነው። ልብ በል፦ 30 አምፔር በ14.4 ቮልት 432 ዋት ነው፤ ብክነቱ ተጨምሮ ከመኪናው 38 ወይም 39 አምፔር ይስባል። ዲናሞው ላይ የተጻፈውን አምፔር አንብብ። 80 ከሆነ የፊት መብራትና ማራገቢያው ሲነሱለት ይበቃዋል፤ ከዚያ ያነሰ ከሆነ የ18 ወይም የ20 አምፔሩን ዲሲ-ዲሲ ውሰድ።

ገመዱ ባለ 16 ሚሊ ሜትር ካሬ ይሁን፤ ብዙ ቀጫጭን ክር ያለው ተጣጣፊ እንጂ ለቤት ግድግዳ የሚሆነው ደረቅ አይደለም፤ ደረቁ በንዝረት ይሰበራል። በ39 አምፔር የሚጠፋው 0.77 ቮልት ነው፤ ዲሲ-ዲሲው ይችለዋል። ኔጌቲቩንም ያንኑ ያህል አስብ፤ በሻንሲና በመጎተቻው ኳስ ላይ አትተማመን፤ ቅባትና ዝገት ያለበት ነው። በባለ 7 እግሩ ሶኬት ይህን አምፔር አታሳልፍ። ለብቻው የአንደርሰን ማገናኛ (ለብዙ አምፔር የተሠራ ተሰኪ) አድርግለት። የ50 አምፔሩ ለባለ 16 ገመድ ጠባብ ነው፤ የ120ውን ውሰድ፤ ጥርሱም ለገመድህ ልክ ይሁን።

ፊውዝ ሁለት ነው፦ 60 አምፔር በመኪናው ባትሪ አጠገብ፣ 60 አምፔር በተሳቢው ባትሪ አጠገብ። ገመዱ በሁለቱም ጫፍ ባትሪ ስላለው አንድ ፊውዝ ግማሹን ብቻ ነው የሚጠብቀው። ከባትሪው ራስ ከአንድ ስንዝር አይራቅ። በፊውዝ ፈንታ የቤት ብሬከር የሚያስገቡ አሉ፤ እባካችሁ ይህ ይቅር። የኤሲ ብሬከር ብልጭታውን የሚያጠፋው ኤሌክትሪኩ በሴኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን ስለሚያልፍ ነው፤ ዲሲ ዜሮን አያልፍም፤ ብሬከሩ «ጠፋሁ» ብሎ ውስጡ እየነደደ ሊቀጥል ይችላል። ዲሲ ተብሎ ቮልቱ ያልተጻፈበትን ብሬከር አትግዛ።

ዲሲ-ዲሲውን የሚያስነሳው ሽቦ (ዲ ፕላስ የሚባለው) ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኝ ሽቦ ይምጣ። አለዚያ መኪናው ቆሞ የራሱን ባትሪ ለተሳቢው ያፈስሳል፤ ጠዋት ፎገራ ሜዳ ላይ የሚያስነሳህ የለም።

የፀሐይ_ጣሪያ

ባለ ቴስተር ስለ ገመዱ ያለው ላይ የምጨምረው የለኝም። እኔ ጣሪያውን ልያዝ።

27 አምፔር ሰዓት ጉድለት ያለው ሰው መኪና እየነዳ ሊሞላው አይችልም፤ ቆሞ ነው የሚውለው። ስለዚህ ያንተ ዋና ቻርጀር ፀሐይ ናት። 200 ዋት ፓኔል ጨምርና 350 አድርሰው፤ ኮንትሮለሩን 30 አምፔር ኤምፒፒቲ (ከፓኔሉ የበለጠ ኃይል የሚያወጣው ዓይነት) አድርግ። በበጋ 5 ሰዓት ፀሐይ፣ 25 በመቶ ብክነት ቀንሰን፣ በቀን 100 አምፔር ሰዓት ገደማ ይሰጥሃል። በክረምት ደመና 3 ሰዓት ብቻ ብታገኝ 60 ነው፤ ከወጪህ ጋር ሊገጥም ትንሽ ይቀረዋል። ለዚህ ነው 200 የምለው እንጂ 100 የማልለው።

ስትገዛ ከፓኔሉ ጀርባ ያለውን ጽሑፍ አንብብ። ሱቁ ውስጥ የምታገኘው ትልቁ ፓኔል ለቤት ጣሪያ የተሠራ ነው፤ የሚሠራበት ቮልት 31 ወይም ከዚያ በላይ ነው። እሱን ፒደብሊውኤም ላይ ብታስረው ኮንትሮለሩ ፓኔሉን ወደ ባትሪው ቮልት ይጎትተዋል፤ ከ400 ዋቱ 170 ገደማ ብቻ ታገኛለህ። ኤምፒፒቲ ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል። ከ150 ዋቱ ጋር በፓራለል ለማሰር ከፈለግህ አዲሱም የሚሠራበት ቮልት 18 ገደማ የሆነ፣ ባለ 36 ሴል ይሁን። በተከታታይ (ሲሪየስ) ካሰርካቸው ትልቁ ፓኔል በትንሹ አምፔር ይታሰራል፤ አንዱ ጥላ ሲያገኘውም ሌላው አብሮ ይጎዳል።

ጥላው ቀላል ነገር አይደለም። በጣና ሐይቅ ዳር ሰው ሁሉ ተሳቢውን ዋርካ ሥር ያቆማል፤ ልክ ነው፣ ለሰው ጥሩ ነው። ለፓኔል ግን አንድ ቅርንጫፍ የሁለት ሦስት ሴል ጥላ ጥሎ ግማሹን ኃይል ይወስዳል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ያለውን ጊዜ አስቀድመህ አስብና ተሳቢውን አቁም፤ ጥላ ለሰው በሸራ ይሠራል። ወይም 200 ዋቱን ጣሪያ ላይ አትሰረው፤ 10 ሜትር ባለ 6 ሶላር ገመድ አድርገህ ተንቀሳቃሽ ይሁን፤ ተሳቢው ጥላ ሥር፣ ፓኔሉ ፀሐይ ላይ። እኔ ብመርጥ ይህን እመርጣለሁ።

ጣሪያ ላይ ለሚቀረው፦ ባሕር ዳር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 11.6 ዲግሪ ላይ ስለሆነች ጠፍጣፋ መተኛቱ ብዙ አያሳጣም። ዝናቡ አቧራውን ይዞ እንዲወርድ 5 ዲግሪ ያህል ማዘንበል ይበቃል። ከሥሩ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተውለት፤ ፓኔል በአንድ ዲግሪ ሙቀት 0.4 በመቶ ገደማ ኃይሉን ያጣል፤ ቆርቆሮ ላይ የተለጠፈ ፓኔል ቀትር ላይ ይጠበሳል።

ማሰሪያ ቅደም ተከተል፦ መጀመሪያ ባትሪ ከኮንትሮለር፣ ከዚያ ፓኔል። ስትፈታ በተቃራኒው። ኮንትሮለሩ ባትሪውን ሳያይ ፓኔል ከገባበት 12 መሆኑን 24 መሆኑን ሊሳሳት ይችላል፤ አንዳንዱም ይቃጠላል። ከኮንትሮለር ወደ ባትሪ ባለ 10 ገመድ፣ 40 አምፔር ፊውዝ፣ ርቀቱ ከ2 ሜትር አይብለጥ። ሴቲንጉን «ጄል» ላይ አድርግ፣ ግን አትመነው፤ የባትሪው ሆድ ላይ የተጻፈውን የመሙያ ቮልት ከኮንትሮለሩ ጋር አስተያይ። ለአሲድ ባትሪ የሚሰጠውን 14.8 ወይም «ኢኳላይዝ» የሚባለውን (ሴሎችን ለማስተካከል ሆን ብሎ ከመጠን በላይ የሚሞላበትን) 15 ምናምን ቮልት ጄል ካየ ውስጡ አረፋ ይፈጠራል፤ ውሃ ስለማይጨመርበት ጉዳቱ አይመለስም። ኢኳላይዙን ዝጋው።

አባይ_ማዶ

ጠያቂው ወንድሜ፣ ስለ 220 ቮልቱ (ከመብራትና ከጀነሬተር ስለሚሞላው) ወገን እኔ ልበልዎት።

60 አምፔር ቻርጀር ይተዉት። ለ200 አምፔር ሰዓት ጄል ይበዛበታል፤ ጀነሬተር ቢጠቀሙም ያስጨንቀዋል። 30 አምፔር፣ ሦስት ደረጃ ያለው (ሙሌት፣ ማጠናቀቂያ፣ ጥበቃ)፣ የባትሪ ዓይነት የሚመረጥበት ይበቃዎታል። 80 አምፔር ሰዓት የጎደለ ባትሪ የመጀመሪያውን በ2 ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ማጠናቀቂያው ግን ሌላ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ነው። ይህን ቻርጀር ማሳጠር አይችልም፤ ባትሪው ራሱ አይቀበልም። ስለዚህ በጀነሬተር ጠዋት 2 ሰዓት ሙሌቱን ብቻ ይስጡትና ማጠናቀቂያውን ለፀሐይ ይተዉላት። ነዳጅ የሚቆጥበው ይህ ነው።

ጀነሬተር ሲገዙ የተጻፈውን አይመኑ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3.5 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል፤ እዚህ ሲደርስ 20 በመቶ ሄዷል። 1,000 ዋት የተባለው 800 ነው። 30 አምፔር ቻርጀር ከውስጡ 500 ዋት ገደማ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የኃይል ማስተካከያ (ፓወር ፋክተር) የሌለው ርካሽ ዓይነት ከሆነ ጀነሬተሩ ላይ እንደ 780 ሆኖ ይሰማል። ጫፍ ላይ ነዎት ማለት ነው፤ ቡና ማፍያ ምድጃ ከተጨመረ ይጠፋል። አምፔሩን ዝቅ ማድረጊያ ያለው ቻርጀር ይፈልጉ።

ከሎጅ ወይም ከግቢ መብራት ሲሰኩ፦ ተሳቢው መግቢያ ላይ 30 ሚሊ አምፔር አርሲዲ (ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ መሬት ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ ማጥፊያ) ይኑር። እርጥብ ሣር ላይ በባዶ እግር የሚቆም ሰው አለ፤ የተሳቢው አካል ብረት ነው። የመሞከሪያ ቁልፉን በየጉዞው ይጫኑት። የእኛ ሶኬት በሁለቱም በኩል ተገልብጦ ስለሚገባ ፌዙ (የሚነዝረው መስመር) የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ብሬከሩ ሁለቱንም መስመር የሚቆርጥ ባለ ሁለት እግር ይሁን። ባለ አንድ እግሩ ኒውትራሉን ቆርጦ ፌዙን ሊተውልዎት ይችላል። ማከፋፈያው ባለ 2.5 ገመድ ሆኖ ጥቅሉ ሙሉ በሙሉ ይፈታ፤ ተጠቅልሎ ሲሠራ ይሞቃል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍተኛ ቮልት ቻርጀር የሚገድል ስለሆነ ደቂቃዎች ጠብቆ የሚያገናኝ የቮልቴጅ መከላከያ ከፊቱ ያስቀምጡ።

ቻርጀሩን ባትሪው ሣጥን ውስጥ አያስገቡት። ጄልም ቢሆን ከመጠን በላይ ሲሞላ ጋዝ ይለቃል፤ ሣጥኑ ወደ ውጭ መተንፈሻ ይፈልጋል። ማራገቢያ የሌለውን ቻርጀር ይምረጡ፤ የሐይቅ ዳር ትንኝ ማታ በመብራቱ ተስቦ ማራገቢያውን ይደፍነዋል።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ቻርጀሩ የሙቀት መለኪያ ሽቦ ካለው ባትሪው ላይ ይለጥፉት። ሣጥኑ ውስጥ 35 ዲግሪ ከሆነ ቮልቱ በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው በ0.18 ያህል መውረድ አለበት። ያለዚያ ከባሕር ዳር ቀትር ጋር ጄሉ ቀስ በቀስ ይደርቃል።

ሰሜን_ጫፍ

ሁላችሁም ጄሉን እንደያዘ ነው የመከራችሁት። ባትሪዎቹ ከሞቱና ሁለቱም መቀየር ካለባቸው ሊቲየሙን የሚያስበው አለምክንያት አይደለም። በሊቲየም አይረን ፎስፌት ከ100 አምፔር ሰዓት 80 ያህሉን ሳትፈራ ትጠቀማለህ፤ ከ200 ጄል ሳትጎዳው የምታወጣው 100 ነው። ክብደቱ ከ10 እስከ 13 ኪሎ ነው፤ ሁለቱ ጄል 55 ኪሎ ይበልጣሉ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፦ ግማሽ ሆኖ መቀመጥ አይጎዳውም። ተሳቢ ደግሞ ሁልጊዜ ግማሽ ነው። በ62 አምፔር ሰዓት ወጪ አንድ ባለ 100 ደመናማ ቀን ሲመጣ ይጨንቃል፤ አቅም ካለህ ባለ 150 ወይም ሁለት ባለ 100።

ነገር ግን ሊቲየም ከገባ ዲሲ-ዲሲው ምርጫ መሆኑ ያበቃል፤ ግዴታ ነው። ሊቲየም ያገኘውን አምፔር ሁሉ ይውጣል፤ ከዲናሞው ጋር በወፍራም ገመድ በቀጥታ ካገናኘኸው ዲናሞው ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ ይቃጠላል። የባትሪው ቢኤምኤስ (ውስጡ ያለው የመከላከያ ኤሌክትሮኒክስ) ድንገት ከቆረጠ ደግሞ የሚፈጠረው የቮልት ዝላይ የመኪናውን ኤሌክትሮኒክስ ይመታል።

ሴቲንግ፦ ሙሌት 14.2 ወይም 14.4፣ ማጠናቀቂያ ግማሽ ሰዓት፣ ጥበቃ 13.5፣ ኢኳላይዝ የለም፣ የሙቀት ማስተካከያ የለም። አሮጌውን 13.6 ቮልት ቻርጀር ለጊዜው ብትጠቀምበት ቀስ ብሎ ቢሞላም ሴሎቹን የማመጣጠን ሥራ በዚያ ቮልት አይጀመርም።

የሊቲየም ቮልት ደረጃውን አይነግርህም፤ 80 በመቶም 50 በመቶም 13 ቮልት አካባቢ ነው። 500 አምፔር ሻንት (የሚገባውንና የሚወጣውን አምፔር መለኪያ) ያለው የባትሪ ሜትር አስገባ። ኔጌቲቭ ገመድ ሁሉ ከሻንቱ ወዲያ ይታሰር፤ አንድ ገመድ እንኳ በቀጥታ ባትሪው ራስ ላይ ከቀረ ሜትሩ ይዋሻል።

ገበያውን በተመለከተ፦ ተለጥፎ የሚመጣው ቁጥር ሁሉ እውነት አይደለም። ጄሉን በሚዛን ያዘው፤ እውነተኛ ባለ 100 ወደ 28 ወይም 30 ኪሎ ይመዝናል፤ 18 ኪሎ የሆነ «100» የለም። ሊቲየሙን በጭነት ፈትነው፦ ሞልተኸው ሁለት ባለ 55 ዋት የመኪና ፊት አምፖል አብራበት። 9.5 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ ቢኤምኤሱ እስኪቆርጥ 10 ሰዓት ተኩል ያህል መቆየት አለበት። በ6 ሰዓት ከጠፋ መልሰው፤ ስለዚህ ስትገዛ መመለስ እንደሚቻል አስቀድመህ ተስማማ።

ተሳቢው ከጎርጎራ አልፎ ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ከሆነ ተጠንቀቅ። እዚያ ያለው የጨነቅ ካምፕ 3,600 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ሊቲየም ከ0 ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፤ ጠዋት ፀሐይ ፓኔሉን ስትመታ ባትሪው ገና በረዶ ሊሆን ይችላል። ቢኤምኤሱ የቅዝቃዜ መቁረጫ እንዳለው ሳታረጋግጥ አትግዛ፤ ወይም ባትሪውን ከተሳቢው ሆድ ሥር አንስተህ ውስጥ አድርገው።

ባለ_ቴስተር

ሰሜን ጫፍ ልክ ነው፤ ሁለቱም ባትሪ የሚወጣ እስከሆነ ድረስ ሊቲየሙ ይሻላል። የኔ ፍራቻ ሊቲየሙ ተገዝቶ ገመዱ ባለ 1.5 እንዳይቀር ነው።

የገመድ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ተርሚናሉን በፒንሳ አትጭመቁት፤ በመዶሻም አትቀጥቅጡት። በሃይድሮሊክ መጭመቂያ፣ ለባለ 16 የተባለው ቅርጽ ይጨመቅ፤ ከዚያ በሙቀት የሚሸበሸበው ጎማ ይልበስ። ብየዳ ብቻውን አይሆንም፤ እርሳሱ ገመዱ ውስጥ ገብቶ ያደርቀዋል፣ በንዝረት እዚያው ጫፉ ላይ ይሰበራል። የባትሪውን ራስ ከመታሰሩ በፊት ቫዝሊን ቀባ፤ የክረምቱ እርጥበት አረንጓዴ ዝገት ያመጣል። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ብሎኖቹን ሁሉ እንደገና አጥብቅ። በሥራ ላይ እያለ መገጣጠሚያውን በእጅ ጀርባ ነካ አድርገህ ሙቀት ከተሰማህ ያ መገጣጠሚያ ልል ነው።

ጣና_ዳር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የፍሪጁ ገመድ ነገ ይቀየራል። ባትሪው ባለ 150 ሊቲየም፣ ፓኔሉ ተንቀሳቃሽ 200፣ ኮንትሮለሩ ኤምፒፒቲ እንዲሆን ወስኛለሁ። ገንዘቡ አንድ ጊዜ አይበቃም፤ ዲሲ-ዲሲውና የ220 ቻርጀሩ የትኛው ይቆይ? ሌላው፣ በሐምሌና በነሐሴ ተሳቢው መጠለያ ሥር ይቆማል፤ ባትሪው እንዴት ይቀመጥ?

የፀሐይ_ጣሪያ

የ220ው ይቆይ። ከባሕር ዳር ጎንደር መስመር ላይ 3 ሰዓት ስትነዳ ዲሲ-ዲሲው እስከ 90 አምፔር ሰዓት ይሰጥሃል፤ ስትቆም ፀሐይ ትረከባለች። ዲሲ-ዲሲው እስኪመጣ ግን የድሮውን ባለ 2.5 ሽቦ ከባትሪው ላይ ፍታው፤ ሊቲየሙ ያንን ሽቦ በፊውዝም ቢሆን ማሞቅ የለበትም።

ሰሜን_ጫፍ

ለክረምቱ፦ ሊቲየሙን ሞልተህ አታስቀምጠው፤ 50 ወይም 60 በመቶ ላይ አድርሰህ ኔጌቲቩን ፍታ። ማጥፊያውን ብቻ አትመን፤ የጋዝ ጠቋሚው፣ የሬዲዮው ሰዓትና ሻንቱ ራሱ ትንሽ ትንሽ ይስባሉ፤ በሁለት ወር ብዙ ነው። ባትሪውን ስትፈታ ፓኔሉን አስቀድመህ ንቀል፤ መጠለያው ሥር ብርሃን ያገኛልና። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ባትሪውን መቶ በመቶ ከሞላህ በኋላ ሜትሩን ከአዲስ አስጀምረው፤ ሲቆም የራሱን ቁጥር ይረሳል።